መናፍስት በገቡበት የምርመራ ልብ ወለድ ውስጥ ፍቅሩ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ የጠባሴዋ አንባቢ

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ቀን ሒሳብ ስሠራ እውላለሁ፣ ማታ ደግሞ ልብ ወለድ አነባለሁ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ከሌላው ሁሉ አብልጦ የያዘኝ አንድ ዓይነት መጽሐፍ አለ። የጠፋ ሰው ወይም የተፈጸመ ግድያ ምሥጢር ይፈለግበታል፤ በፍለጋው መሐል ሙት፣ መንፈስ፣ እርግማን ወይም ሌላ ከተፈጥሮ ሕግ የወጣ ነገር ይገባበታል፤ በጎን ደግሞ የሁለት ሰዎች ፍቅር ቀስ እያለ ያድጋል። በአማርኛ የተጻፈ ሳገኝ እገዛለሁ፤ የተተረጎመውንም፣ ዘመዶቼ ከአዲስ አበባ የሚልኩልኝን የእንግሊዝኛውንም አነባለሁ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። አያቴ የተወችልኝን የመንዝ ባና ተከናንቤ፣ ሻማውን የሻይ ብርጭቆ ውስጥ አቁሜ አነብ ነበር። መርማሪዋ ውኃ ከሌለው ጉድጓድ ውስጥ የሟቿን ድምፅ የሰማችበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ ውጭ ውሻ ጮኸ፤ ሻማው ቀልጦ ጣቴን እስኪነካኝ ድረስ ገጹን ሳልገልጥ ቀረሁ። ይሁን እንጂ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በሐሳቤ የሚመላለሰው የጉድጓዱ ድምፅ አይደለም። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ትንሽ ትዕይንት ነው። መርማሪዋ ከጉድጓዱ ተነሥታ፣ በምርመራው ሲረዳት ወደ ቆየው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቤት ትሄዳለች። ሻይ ያፈላላታል። እሷ ስኳሩን ታማስላለች፣ ከሟሟም በኋላ ታማስላለች፤ ብትነግረው አእምሮዋን የሳተች ትመስለው ይሆን? ባትነግረውስ ከእንግዲህ ምን ሆና አጠገቡ ትቀመጣለች? ልቤ ከጉድጓዱ ይልቅ እዚያ ሻይ ላይ ተሰቀለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቡና ላይ ስንቀመጥ ይህን ስነግራቸው፣ በዕድሜ የሚበልጡን አንድ አባት በቅንነት እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ምርመራ ማስረጃ ይፈልጋል፤ መንፈስ ጠበል ይፈልጋል፤ ፍቅር ሽማግሌ ይፈልጋል። ሦስቱን በአንድ ድስት ምን አስቀቀላቸው?» መልስ አጣሁ። ሰውዬው የሚናገሩትን የሚያውቁ አንባቢ ናቸውና ነገሩን ችላ ብዬ ልተወው አልቻልሁም።

በእርግጥ በዚህ ዓይነት መጽሐፍ የተጎዳሁበትም ጊዜ አለ። በቅርቡ ያነበብሁት አንድ ወፍራም መጽሐፍ፣ ማን ገደለው እያለ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ካንጠለጠለኝ በኋላ፣ አስቀድሞ አንድም ፍንጭ ሳይሰጥ «መንፈሱ ገደለው» ብሎ ዘጋ፤ የሁለቱ ፍቅረኞች ጉዳይም በዚያው ገጽ በሠርግ ተጠናቀቀ። የቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም፤ የጠበቅሁባቸው ሌሊቶች ናቸው።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ የምፈልገው ይህን ነው። በሙያዬ አንድ ሳንቲም ሳይወራረድ ቢቀር እንቅልፍ የሚነሣኝ ሴት፣ መንፈስ ያለበትን ምርመራ አንዳንዴ በደስታ የምቀበለው፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደተታለልሁ የሚሰማኝ ለምንድን ነው? በጎን የሚሄደው ፍቅርስ አባታችን እንዳሉት ያለ ቦታው የገባ ነው ወይስ እኔ በትክክል ልሰይመው ያልቻልሁት ሥራ አለው?

መልስ፦ መምህር ዘጎረቤላ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ ስመላለስበት የኖርሁትን ነገር ስለሚነካ ሰፋ አድርጌ ብመልስ ታገሺኝ። አንኮበር አጠገብ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ።

የባልደረባሽ አስተያየት አዲስ አይደለም፤ እንዲያውም ደንብ ሆኖ የተጻፈበት ጊዜ ነበር። ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1929 ለምርመራ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ዐሥር ሕጎች ሲያወጣ፣ ሁለተኛው ሕግ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል ሁሉ ከምርመራው እንዲወጣ የሚያዝዝ ነው። ኖክስ ራሱ የካቶሊክ ቄስ መሆኑን ልብ በይ። በረቂቁ ዓለም የማያምን ሰው ስለነበረ አይደለም ያስወጣው፤ አንባቢ ከመርማሪው ጋር እኩል እያሰበ መልሱን የመፈለግ መብት አለው ብሎ ስላመነ ነው። መንፈስ እንደፈለገ ግድግዳ አልፎ የሚገባ ከሆነ፣ የተቆለፈው በር ፍንጭ መሆኑ ይቀራል። አንቺን በዚያ ወፍራም መጽሐፍ ያስከፋሽ ይኸው መብት መነካቱ ይመስለኛል።

ነገር ግን ከኖክስ ሕግ በፊትም በኋላም መናፍስት ከምርመራው ደጅ ርቀው አያውቁም። አን ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ1794 ባሳተመችው «የኡዶልፎ ምሥጢሮች» ውስጥ፣ ወጣቷ ኤሚሊ በጨለማ ግንብ ውስጥ ተዘግታ፣ በልቧ ቫላንኩር የሚባለውን ወጣት ይዛ፣ ድምፅና ጥላ ያስፈራራታል፤ ጸሐፊዋ ግን በመጨረሻ እያንዳንዱን ፍርሃት በተፈጥሯዊ ምክንያት ትፈታዋለች። ከጥቁር መጋረጃ በስተጀርባ አይታ ራሷን የሳተችለት አስፈሪ ነገር ከሰም የተሠራ ምስል ሆኖ ይገኛል። በዚህ ፍቺ ተታለልን የሚሉ አንባቢዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንባቢን የሚያስከፋው መንፈሱ ብቻ አይደለም፤ መንፈስ የለም መባሉም ያስከፋል። ሁለቱንም ቅሬታ አንድ የሚያደርጋቸው፣ መጽሐፉ በመጀመሪያ ገጾች የገባውን ቃል በመጨረሻ ገጾች ማፍረሱ ነው።

እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ይህን ነው፤ መንፈሱ ይግባ፣ ነገር ግን ሕግ ይኑረው። በአገራችን ተረክ ረቂቅ ነገር ሕግ አጥቶ አያውቅም። ዛር የሚጠይቀው ነገር የታወቀ ነው፤ መተት መፍቻ አለው፤ ክታብ የሚታሰርበትም የሚፈታበትም ሥርዓት አለው። ሕጉን አንባቢው አስቀድሞ ካወቀው፣ መንፈሱም እንደማንኛውም ምስክር ይመረመራል። የጉድጓዱ ድምፅ እውነት ብቻ የሚናገር ነው? ወይስ የሚናገረው ሟቿ በሕይወት ሳለች የምታውቀውን ብቻ ነው? የገደላትን ሰው ፊት ካላየች ስሙን እንዴት ታውቃለች? ጸሐፊው ይህን ከወሰነ በኋላ ሒሳቡ ይወራረዳል፤ አንቺም ሌሊቱን ሙሉ ብትነቂ አይቆጭሽም።

ረቂቁን ነገር ከምርመራ ጋር ማጋጠም ከውጭ የመጣልን አይደለም። አያቶቻችን ሌባ ሻይ የሚባለውን ሥርዓት ያውቁ ነበር። ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ አደንዛዥ መድኃኒት ይሰጠውና፣ ወገቡን በታሰረበት ጨርቅ ተይዞ በመንደሩ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ከዚሁ ጎን ለጎን አውጫጭኝ ነበረ። የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረጋል፤ የሚያውቅ ሰው በድብቅ ይናገርና ጥቆማው ከ«ወፍ» መጣ ይባላል። አንዱ በረቂቅ ኃይል፣ ሌላው በሰው ምስክርነት፤ ሁለቱም በአንድ አገር፣ ለአንድ ዓይነት ጉዳይ ያገለግሉ ነበር። እኛ ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ብናገኛቸው ለምን እንደነግጣለን?

የከተማሽም ስም ቢሆን እንዲህ ባለ ነገር ላይ የቆመ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ የወረደ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው በዚያ ስፍራ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ያሠሩት፤ ዛሬ ደግሞ ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያገናኙ አሉ። የከተማው ሰው ሁለቱንም ይሰማል፤ አንዱን ለመቀበል ሌላውን ማፍረስ አላስፈለገውም። የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ምርጦቹ አንባቢን እንዲህ በሁለቱ መካከል ለረጅም ጊዜ የሚያቆሙት ናቸው።

ስለ ፍቅሩ አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሣ፤ «የባስከርቪልስ ውሻ»ን ገና ያላነበበ ይህን አንቀጽ ይዝለለው። አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1902 በመጽሔት በተከታታይ ያወጣው ይህ ታሪክ ቤተሰብን የሚያሳድድ የሲኦል ውሻ አፈ ታሪክ ይዞ ይጀምራል። ወጣቱ ወራሽ ሰር ሄንሪ የጎረቤቱን እኅት ይወድዳል። ጎረቤትየው ግን ሁለቱን በሜዳው ላይ አብረው ሲያያቸው አንድ ወንድም ሊቆጣ ከሚገባው በላይ ይቆጣል፤ ኋላ ይቅርታ ቢጠይቅም ቁጣው ሳይፈታ ይቀራል። ለካ እኅቱ ሳትሆን ሚስቱ ናት፤ ውሻውን በፎስፈረስ ቀብቶ የሚለቅቀውም እሱ ነው። ፍቅሩ ገጽ ለመሙላት የገባ የመሰለው አንባቢ ትልቁን ፍንጭ ዘልሎታል።

መልስ፦ የሰላ ድንጋይ ልጅ

መምህር፣ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ብዙውንም እቀበላለሁ። በአንድ ነገር ግን ልለያይ ግድ ይለኛል። ሌባ ሻይን ያነሡት ለልብ ወለድ ጥሩ መነሻ እንደሆነ አድርገው ነው፤ ልጁ የወደቀበት ቤት ባለቤት ግን ምናልባት ምንም ያላደረገ ሰው ነበር። መንፈሱ ሕግ ይኑረው ሲሉ፣ ሕጉ በማን ላይ እንደሚወድቅም አብረው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

እናቴ ሸክላ ሠርታ ነው ያሳደገችኝ። ጀበናና ምጣድ ገበያ አውርዳ ስትሸጥ፣ ከእጇ የገዙት ሴቶች ሕፃኖቻቸውን በነጠላ ሲሸፍኑባት አይቻለሁ። ያንን ሽፋን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ነጭ ነጠላ ነበር፣ ጥለቱ አረንጓዴ፣ ሴትዮዋም በአንድ እጇ ነጠላውን እየሳበች በሌላው እጇ ገንዘቡን ለእናቴ ትሰጣት ነበር። ቡዳ የሚለው ቃል ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ስንት ዘመን ሲያሳድድ እንደኖረ የማያውቅ የሰሜን ሸዋ ሰው የለም። በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፉ አንዳንድ ልብ ወለዶችን ሳነብ፣ ጸሐፊው ሌሊት ጅብ የሚሆነውን ሰው ለመፍጠር ሲፈልግ እጁ ወዲያው ወደ ብረት ቀጥቃጩ ቤት ይሄዳል። ምሥጢሩ ተፈታ ይባላል፤ አንባቢ ይረካል፤ የድሮው ሐሜት ግን በአዲስ ወረቀት ታትሞ ይወጣል።

እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት አንብቢ ወይም አታንብቢ ልልሽ አይደለም፣ እህቴ፤ እኔ ራሴ ይህን ዓይነት መጽሐፍ አጥብቄ እወዳለሁ። የምወደውም በእናቴ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ልጅ ሆኜ ሌሊት ጅብ ሲጮህ፣ ሰዎች ስለ እኛ የሚሉትን እያሰብሁ «እውነት ሌላ ነገር አለ ወይስ ሰው ራሱ ነው?» እያልሁ ነው ያደግሁት። ጥሩ የምርመራ ልብ ወለድ ያን ጥያቄ በሥርዓት ይጠይቅልኛል።

ስለ ፍቅሩ ያለኝ ሐሳብም ከዚሁ ይነሣል። ሐሜት እውነተኛ ኃይሉ የሚታየው ጋብቻ ላይ ነው። ገበያ ላይ ዕቃህን ይገዙሃል፤ ለቅሶህንም ይደርሳሉ፤ ልጃቸውን ስትጠይቅ ግን አጥንት መቁጠር ይጀመራል። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ በመንደር ውስጥ ረቂቅ ፍርሃትን ሊመረምር ከፈለገ፣ ፍቅርን ካላስገባ ምርመራው ግማሽ ነው። መርማሪው የተጠረጠረውን ቤተሰብ ልጅ ሲወድድ፣ እስከዚያ ድረስ በወረቀት ላይ የነበረው ጥርጣሬ ወደ እሱ ቤት ይገባል፤ እናቱ ምን ትላለች? እሱስ ሌሊት ከእንቅልፉ ሲነቃ ምን ያስባል? የባልደረባሽን አነጋገር ልዋስና፣ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ሁሉም የሚያምነው ነገር በግልጽ የሚታወቅበት ቀን ነው።

መልስ፦ መምህር ዘጎረቤላ

ወንድሜ፣ ትክክል ነህ። ሌባ ሻይን ያነሣሁት ረቂቁና ምርመራው አብረው መኖራቸውን ለማሳየት ብቻ ነበር፤ የተከሰሰውን ሰው ከታሪኩ ማስቀረቴ ግን ስሕተት ነው። ከእንግዲህ በክፍል ስጠቅሰው ከወደቀው ልጅ አልፌ፣ በሩ ተከፍቶ ስለተገኘው ባለቤትም እናገራለሁ። የእናትህን ገበያ ስለ ነገርኸን አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ባለ ሚኒባስ

እኔ እንደ እናንተ ብዙ አላነብም፤ መኪና ስነዳ ግን የመጽሐፍ ትረካ እሰማለሁ፣ እንዲህ ያሉትንም በጣም እወዳቸዋለሁ። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ስለምመላለስ የጣርማ በርን ጉም በሚገባ አውቀዋለሁ። በክረምት ከዋሻው ስወጣ ቀትር ላይ እንኳ መብራት አብርቼ፣ የራሴን መኪና አፍንጫ ሳላይ የምወርድበት ጊዜ አለ። ረዳቴ በመስኮት ወጥቶ «ና፣ ና፣ ወደ ቀኝ፣ ቁም!» ይለኛል። እኔ ገደሉን አላየውም፤ የማየው የእሱን እጅ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ድምፁን ብቻ። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ ረዳት ይዤ ነበር፤ ጥሩ ልጅ ነበር፣ ግን ገና አላመንሁትም ነበርና በጉሙ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ።

እህቴ ስለዚያ ሻይ የጻፈችውን ሳነብ የመጣልኝ ይህ ነው። በእነዚህ ትረካዎች ውስጥ መንፈሱን የሚያየው አንዱ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው የሚያየው የሚወድደውን ሰው ፊት ነው። ያ ሰው «ቁም» ሲለው ይቆማል ወይስ አይቆምም? እኔን ሬዲዮውን እንዳልዘጋ የሚያደርገኝ እሱ ነው።

መልስ፦ የጠባሴዋ አንባቢ

ወንድሞቼ፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የባለ ሚኒባሱን መልስ ሳነብ ያንን መጽሐፍ እንደገና አወጣሁና የሻዩን ትዕይንት ደግሜ አነበብሁት።

አሁን የገባኝ ነገር ይህ ነው። ምርመራው በማስረጃ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ነገር መታየት፣ መመዘን፣ መመዝገብ አለበት። መንፈሱ ሲገባ ግን መርማሪዋ ለማንም ልታሳየው የማትችለው አንድ ነገር በእጇ ይገባል፤ ሰምታዋለች፣ ነገር ግን ደረሰኝ የለውም። ከዚህ በኋላ ያላት ምርጫ የሚያምናትን ሰው መፈለግ ብቻ ነው። ፍቅሩ ያለ ቦታው የገባ መስሎ የሚታየው ከምርመራው ተነጥሎ ሲታይ ነው እንጂ፣ ከመንፈሱ ጋር ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ የማይታይን ነገር በሰው ቃል መቀበል ይቻላል ወይስ አይቻልም? መዝገብ ቤት የሚሠራው ሰውዬ እኔ በሥራዬ የማላውቀውን ነገር ያደርጋል፤ ያልተወራረደውን ቁጥር አይሰርዘውም፣ እንደተወራረደም አድርጎ አይጽፈውም፤ ከጎኑ ምልክት አድርጎ ይጠብቃል። ወፍራሙ መጽሐፍ ያሳዘነኝም ለዚህ ነው። እዚያ ፍቅረኞቹ ስለ መንፈሱ አንድም ቀን አልተነጋገሩም፤ በቀን ይፋቀራሉ፣ በሌሊት መንፈሱ ይገድላል፣ በመጨረሻ ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ቀን ያልቃሉ። ለካስ ምንም አላገናኛቸውም ነበር።

የሰላ ድንጋይ ወንድሜ የጻፈው ደግሞ ከብዶኛል። የእናቱን ነገር ካነበብሁ በኋላ በመደርደሪያዬ ላይ ያሉትን መጻሕፍት አንድ በአንድ አስታወስሁ፤ ቢያንስ ሁለቱ እሱ ያለውን ያደርጋሉ፣ እኔም ሳነባቸው አላስተዋልሁም ነበር። መንፈሱን ያመነው ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በማመኑ ማን እንደተጎዳ ደግሞ መጠየቅ እንዳለብኝ ተምሬአለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ፍቅሩ ከምርመራው ጋር እኩል መሄድ አለበት ወይስ ወደ ኋላ መቅረት? አንዳንድ መጽሐፍ ላይ የፍቅሩ ገጾች ሲመጡ የምርመራው ልብ ሰቀላ ሲረግብ ይሰማኛል።

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ

እህቴ፣ የመጨረሻ ጥያቄሽ እኔን ለስምንት ወር ያህል ያሰቃየኝ ስለሆነ የደረስሁበትን ልንገርሽ። ገና ያላለቀ አንድ ልብ ወለድ እየጻፍሁ ነው። መቼቱ እዚሁ መንዝ፣ የጓሳ ሜዳ ዳር ነው፤ ሣር ለማጨድ ወጥቶ ያልተመለሰ አንድ ሰው አለ፤ ሌሊት ሌሊት ከሜዳው ማጭድ ሲሞረድ የሚሰማ ድምፅ አለ። የጓሳን ሌሊት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመፍጠር ብዙ አልደከምሁም ብል ያምነኛል፤ ጭላዳዎቹ ወደ ገደሉ ወርደው ካደሩ በኋላ ነፋሱ በሣሩ ውስጥ ሲያልፍ የሚያሰማው ድምፅ ብረት በድንጋይ ላይ ሲሳብ ከሚሰማው ብዙ አይለይም። ድምፁን የምትሰማው የጠፋው ሰው እኅት ናት፤ ጉዳዩን የያዘው ደግሞ ከሌላ አውራጃ የተመደበ ወጣት ፖሊስ ነው።

በመጀመሪያው ረቂቄ አንድ ምዕራፍ ለምርመራው፣ አንድ ምዕራፍ ለፍቅሩ እያልሁ እያፈራረቅሁ ጻፍሁት። ጥበቡ በሁለት ቀለም ተራ በተራ እንደሚሠራ ጥለት ይመስለኝ ነበር። ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ግን አንቺ ያልሽውን ነው ያለችኝ፤ ፍቅሩ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ሻይዋን እንደምትጠጣ ነገረችኝ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በፍቅሩ ምዕራፎች ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ስለ ምርመራው አዲስ ነገር አያውቁም ነበር፤ ተገናኝተው፣ ተሳስቀው፣ ሲለያዩ ጉዳዩ እዚያው በነበረበት ይገኛል። ስለዚህ እኩል ይሂድ ወይስ ወደ ኋላ ይቅር የሚለውን ትቼ አንድ ነገር ብቻ ወሰንሁ፤ ሁለቱ በተቀራረቡ ቁጥር አንዱ ስለ ጠፋው ሰው ከዚያ በፊት ሊናገረው ያልደፈረውን ነገር ይናገራል፤ የሚናገረውም የሚያምነው ሰው ስላገኘ ብቻ ነው። እኅትየዋ ወንድሟ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ሌሊት ከማን ጋር እንደተጣላ ለጣቢያው አልተናገረችም፤ ለፖሊሱ ግን ማሽላ ቆሎ ይዛ ከቤት ደጃፍ በተቀመጡበት ምሽት ትነግረዋለች። እሱም በዚያው ምሽት ሰውን በማመን አንድ ጊዜ ተሳስቶ ያውቅ እንደነበር ይነግራታል፤ ይህ ደግሞ ኋላ ላይ ለምን እንደሚዘገይ ለአንባቢው ያስረዳዋል። ርዝመቱ ከበፊቱ በግማሽ ቀነሰ፤ ጓደኛዬም ሻይዋ ቀዘቀዘባት።

የሰላ ድንጋይ ወንድማችን ያነሣውንም ጉዳይ እየተጠነቀቅሁበት ነው። በረቂቄ ውስጥ የመንደሩ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማጭድ የሚሠራውን ቀጥቃጭ ነበር፤ አሁንም ይጠረጥሩታል፣ ምክንያቱም እንዲህ እንደሚሆን እናውቃለን። ነገር ግን ቀጥቃጩ ማጭዶቹን ሁሉ በሞረዱበት ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ፣ በጉዳዩም ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚውን ምስክርነት የሚሰጥ ሰው እንዲሆን አደረግሁት። ልጄን ለማን እድራለሁ የሚለው ጥያቄም በእሱ ቤት በኩል ይመጣል።

አሁንም ያስቸገረኝ እኅትየዋ ስለ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነግርበት ገጽ ነበር። ፖሊሱ «እውነት?» ሲላት ታሪኩ ሁሉ ይሞትብኝ ነበር፤ «አምንሻለሁ» ሲላት ደግሞ ቀላል ይሆንብኝ ነበር። ይህን ውይይት ካነበብሁ በኋላ ትናንት ማታ እንደገና ጻፍሁት። አሁን ፖሊሱ ዝም ብሎ ይሰማታል፣ ካፖርቱን ይለብሳል፣ የእጅ ባትሪውን ያነሣል፣ ከዚያም «የት ቆመሽ ነው የሰማሽው?» ብሎ ይጠይቃታል።